ለእንጦጦ ብስክሌተኞችና ፈረሰኞች፦ ልጓም ፍሬን አይደለም

ለ፦ በእንጦጦ ተራራ ብስክሌት ለምትነዱ፣ ፈረስ ለምትጋልቡና ፈረስ ለምታከራዩ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በቀጭን መንገድ ላይ ስለ መተላለፍ

ውድ የተራራው ሰዎች፣

እሑድ ማለዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ሰው ብዛት ያየ ይህን ደብዳቤ ለምን እንደጻፍኩ አይጠይቀኝም። ሯጩ ገና ሳይነጋ ወጥቶ ፀሐይ ስትሞቅ ይወርዳል። ነጠላዋን የተከናነበች እናት ወደ ማርያም ወይም ወደ ራጉኤል ትሄዳለች። ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭኖ የሚመጣ አለ፤ ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ በገዛ ጉልበቱ እያለከለከ ዳገቱን የሚገፋም አለ። ላይ ሲደረስ ደግሞ ግንባራቸው ላይ ቀይ ክር የተንጠለጠለላቸው ፈረሶች ከባለቤቶቻቸው ጋር ቆመው ደንበኛ ይጠብቃሉ። ሁሉም በሰፊው መንገድ ላይ እስካለ ድረስ ብዙም ችግር የለም። ችግሩ የሚጀምረው ባሕር ዛፉ ውስጥ ነው፤ መንገዱ ጠቦ ለአንድ ፈረስ ብቻ የሚበቃበት፣ ከኩርባው ወዲያ ማን እንደሚመጣ የማይታይበት ቦታ ላይ።

እኔ ብስክሌት ነጂ ነኝ። ያደግሁት ግን በአዊ፣ ፈረስ በሚከበርበት አገር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓላቸውን ሲያከብሩ ሜዳው በኮቴ ሲናወጥ ያየ ልጅ ፈረስን እንደ መዝናኛ ዕቃ ቆጥሮ ማደግ አይችልም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ የማን ወገን ነህ ብትሉኝ የሁለቱም ወገን ነኝ። ቢሆንም ደብዳቤዬ ሚዛኑን እኩል አይከፍልም። አብዛኛው ሸክም የሚወድቀው በእኛ በብስክሌተኞች ላይ ነው፤ መውደቅም አለበት ብዬ አምናለሁ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ብስክሌተኛ ፈረስ ሲያይ ይቁም፣ ይናገርም። መቆም ብቻውን አይበቃም፤ መናገር ብቻውንም አይበቃም። የቀረው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

እዚህ ተራራ ላይ ብስክሌት የመጨረሻው እንግዳ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲደፉ መኳንንቱ ይህን ዳገት የወጡት በፈረስና በበቅሎ ነው። ከዚያ ባሕር ዛፉ መጣ፤ ከባሕር ዛፉ ጋር እንጨት ለቃሚዋ መጣች። ሯጮቻችን ቀጥለው መጡ። ከሱሉልታ በኩል ወደ ከተማ የሚገባው ገበሬ ከነፈረሱና ከነአህያው አልቀረም። ብስክሌት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ የኢትዮጵያ ብስክሌተኞች ተወዳድረዋል። ወፍራም ጎማና የፊት ሞላ ያለው የተራራ ብስክሌት በእንጦጦ ጫካ በብዛት መታየት የጀመረው ግን በቅርብ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነፃ ቀን ብስክሌቱን ወደ አደባባይ አወጣው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። ቀጥሎም በከተማው የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመር ተሠራ። ሳይክሉን ከመጋዘን አውጥቶ አቧራውን ያራገፈ ሁሉ አንድ ቀን ወደ ተራራው መመልከቱ አይቀርም። እሰየው ነው።

ይሁንና ቅድሚያው ለፈረስ ይሁን የምለው ፈረስ ቀድሞ ስለ መጣ ብቻ አይደለም። ቀድሞ መምጣት ብቻውን መብት ቢሆን ኖሮ ተራራው ሁሉ የጅብ ነበር። ምክንያቴ ሌላ ነው፤ በዚያ ቀጭን መንገድ ላይ ከሚገናኙት ሁለቱ መካከል ፍሬን ያለው አንዱ ብቻ ነው። ብስክሌተኛው በሁለት ጣቱ ጨመቅ ቢያደርግ ይቆማል። ፈረሰኛው ልጓም አለው፤ ልጓም ግን ፍሬን አይደለም። ልጓም ልመና ነው፤ ፈረሱ ይሰማዋል፣ አንዳንዴም አይሰማውም። ፈረሱ በደነበረባት ቅጽበት ደግሞ ጌታውንም ልጓሙንም አያውቅም፤ የሚያውቀው መሮጥ ብቻ ነው።

ይህን ያልኩት ፈረስን ላለማመን አይደለም። ፈረስ ሳር የሚበላ፣ በአዳኝ ሲታደን የኖረ እንስሳ ነው። ዓይኖቹ ከራሱ ግራና ቀኝ በኩል ስለተተከሉ ዙሪያውን ማለት ይቻላል ያያል። የማያየው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ ከግንባሩ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሥፍራ ያለውንና ቀጥ ብሎ ከጅራቱ ኋላ ያለውን። ጆሮውም እኛ የማንሰማውን ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ ሁለቱን ጆሮዎቹን ለየብቻ ማዞር ስለሚችል አንዱን ወደ ጋላቢው፣ አንዱን ወደ ኋላ አድርጎ ይሄዳል። አደጋ የመሰለው ነገር ካለ መጀመሪያ ይሸሻል፤ ምን እንደነበረ የሚያጣራው ከሸሸ በኋላ ነው። አጣርቶ የሚሸሸውማ ድሮ ተበልቷል።

አሁን በፈረሱ ዓይን ብስክሌተኛውን ተመልከቱት። ከኋላ ይመጣል። ድምፅ የለውም። መሪው ላይ ጎንበስ ብሎ ወገቡን ሰብሯል። ፊቱ በመነጽርና በሄልሜት ስለተሸፈነ የሰው ፊት አይመስልም። ፈጣን ነው፤ ቀጥ ብሎም ወደ እሱ ይመጣል። በደጋው አገር ፈረስና አህያ ያለው ሰው ሁሉ ይህን አመጣጥ ያውቀዋል፤ ጅብ እንዲህ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ፈረሱ ቢደነብር «ሞኝ ፈረስ» አትበሉት። በተማረው ትምህርት መሠረት ትክክለኛውን መልስ ነው የሰጠው።

መፍትሔውም ከዚሁ ይወጣል። ጅብ አያወራም። ሰው ግን ያወራል፤ ፈረስ ደግሞ የሰውን ድምፅ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያውቃል። ሃምሳ ሜትር ያህል ሲቀራችሁ ፍጥነታችሁን ቀንሱና ረጋ ባለ ድምፅ «ደኅና ዋላችሁ፣ ብስክሌት ነኝ፣ ከኋላ ነኝ» በሉ። አትጩሁ። የምትሉት ነገር ዋጋ የለውም፤ የሰው ድምፅ መሆኑ ነው ዋጋው። ከሱሉልታ በኩል ለመጣው ፈረሰኛ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብትሉት ደግሞ ከፈረሱ በፊት ባለቤቱ ፈገግ ይላል፤ ባለቤቱ ዘና ካለ ፈረሱም ዘና ይላል፤ የጋላቢው ጭንቀት በዛቡና በጉልበቱ በኩል ወደ ፈረሱ ይተላለፋልና።

ደወልስ? ደወል ከሩቅ ጥሩ ነው። ከቅርብ ግን ለፈረስ ድንገተኛ የብረት ጩኸት ነው፤ ያባብሰዋል እንጂ አያረጋጋውም። ክላክስ የገጠማችሁ ደግሞ ስለ እግዚአብሔር እዚያው ለመኪና መንገድ አቆዩት።

ባለፈው በጋ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ የመንገዱን ስም ብተወው ይሻላል። አንዲት ወጣት፣ ፈረስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደተቀመጠች የምታስታውቅ፣ ኮርቻው ላይ በሁለት እጇ ተጣብቃ ትሄዳለች። ከፊቷ የአሥራ አራት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ገመዱን ይዞ ይመራል። እኔ ከታች ሆኜ ብስክሌቴን እየገፋሁ ነበር። አንድ ብስክሌተኛ ከላይ ከኩርባው ብቅ አለ። ወዲያው አየ፣ ወዲያውም ቆመ። እግሩን መሬት አስነካ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ «እንዴት አደራችሁ» አለ። ፈረሱ ጆሮውን ቀና አድርጎ ተመለከተውና ራሱን ዝቅ አደረገ። ልጁም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መራመድ ጀመረ። እስከዚህ ድረስ ከዚህ የተሻለ ሊደረግ አይቻልም።

ነገር ግን ሰውየው ጓደኛ ነበረው። ጓደኛው የመጣው ፔዳል ሳይረግጥ ነው፤ ቁልቁለት ስለሆነ የኋላ ጎማው ጥርስ ጥጥጥጥ ይል ነበር። ከሁላችንም በፊት የሰማው ፈረሱ ነው። መጀመሪያ አንድ ጆሮው ብቻ ዞረ። ቀጥሎ አንገቱ ተነሣ፣ ጅራቱ ተወተፈ። ከዚያ ብስክሌቱ ሲታይ ፈረሱ በፊት እግሮቹ ላይ ዞሮ የኋላ እግሮቹን ወደ ተዳፋቱ ጣለ። ልጅቷ አንገቱ ላይ ወደቀችና ጋማውን ያዘች። ልጁ ገመዱን አልለቀቀም፤ መዳፉን ልጦት ሲያልፍ አይቻለሁ። ፈረሱ ሁለት ጊዜ ተራገጠና ቆመ። ማንም አልተሰበረም። ሁለተኛው ብስክሌተኛ ደንግጦ ነው መሰለኝ «ፈረሱ አልተገራም እንዴ?» አለ። ልጁ መዳፉን እያየ «ተገርቷል። አንተን ግን አያውቅህም» አለው።

ከዚህ ሁለት ነገር እናወጣለን። አንደኛው፣ በቡድን የምትነዱ ከሆነ የመጀመሪያው የቆመ ሰው ሥራው አላለቀም፤ ወደ ኋላ ዞሮ «ፈረስ!» ብሎ ይጣራ፣ ለፈረሰኛውም «ከኋላዬ ሦስት አሉ» ብሎ ይንገር። ፈረሰኛው የመጨረሻው እስኪያልፍ ድረስ ይጠብቃል፤ ቁጥሩን ካላወቀ ግን አለቀ ብሎ ፈረሱን ሲያነቃንቅ አራተኛው ይደርስበታል። ሁለተኛው፣ ያ የኋላ ጎማ ድምፅ ለእናንተ ሙዚቃ ነው፤ ለአንዳንድ ሞዴል የሚከፈለው ዋጋ እሱን ለመስማት እስኪመስል ድረስ ነው። ፈረስ አጠገብ ግን ፔዳሉን ቀስ እያላችሁ ርገጡት፤ ዝም ይላል።

ፊት ለፊት ስትገናኙ ስለምትቆሙበት ቦታም ማሰብ ያስፈልጋል። በተዳፋት ላይ ከሆነ ብስክሌተኛው በተቻለ መጠን በታችኛው በኩል ይቁም። ፈረስ ሲደነግጥ ወደ ላይ መሸሽ ይቀናዋል፤ ከላይ የቆመ ሰው ደግሞ በፈረሱ ዓይን ሊዘልበት የተዘጋጀ ግዙፍ ነገር ነው። እርግጥ በእንጦጦ ታችኛው በኩል ማለት አንዳንዴ ገደል ማለት ነው። እንደዚያ ሲሆን ጠይቁ፦ «የት ልቁምልህ?» ፈረሱን የሚያውቀው እሱ ነው። ከዛፍ ኋላ ግን አትደበቁ። ብዙ ሰው ደግ የሠራ እየመሰለው ብስክሌቱን ይዞ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። ፈረሱ ሽታችሁን ይዞታል፣ ኮሽታችሁን ሰምቷል፣ አያያችሁም፤ ለእሱ ከዚህ የባሰ የለም። በሚታይ ቦታ ቁሙ፣ ወሬ ቀጥሉ። ስለ አየሩም ቢሆን።

ከኋላ ደርሳችሁ ማለፍ ስትፈልጉ ደግሞ ፈረሰኛው «እለፍ» እስኪል ጠብቁ። ሲልም በእርምጃ ፍጥነት፣ ሰፋ አድርጋችሁ እለፉ። ፈረስ ወደ ኋላ ሲራገጥ እግሩ የሚደርስበትን ርቀት ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ቢያንስ አንድ ፈረስ የሚቆምበት ያህል ክፍተት ይኑር። ካለፋችሁ በኋላ ወዲያው አትፈትለኩ። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፤ ከፊቱ የሚሮጥ ነገር ሲያይ መከተል ያምረዋል፤ ኮርቻው ላይ ያለችው ጀማሪ ደግሞ ለግልቢያ አልከፈለችም።

አሁን የብስክሌት ጓደኞቼ የሚሉትን አውቃለሁ። «ቁልቁለት ላይ እንዴት ነው በድንገት የሚቆመው? ፍሬን ስይዝ ጎማው ይንሸራተታል።» እውነት ነው፣ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከሳሙና አይሻልም። መልሱ ግን ከፍሬኑ በፊት ነው። በዓይናችሁ በምታዩት ርቀት ውስጥ ማቆም ካልቻላችሁ ከመጠን በላይ እየሮጣችሁ ነው። ኩርባው አሥር ሜትር ካሳያችሁ በአሥር ሜትር ሳይሆን በአምስት ሜትር የምትቆሙበትን ፍጥነት ያዙ፤ ቀሪው አምስት ሜትር የፈረሱ ነው። በዚህ ላይ የሚንሸራተት ጎማ መንገዱን ይገዘግዘዋል። ሐምሌ ሲመጣ ያ ጎማ የቆፈረው መስመር ቦይ ሆኖ ውኃው ይሄድበታል፤ መስከረም ላይ መንገዱ የለም።

«ለፈረስ ወርጄ መቆም ምን ውርደት ነው?» የሚልም አይጠፋም፤ በቃሉ ባይለውም በአነዳዱ ይለዋል። ይህ አባባል በእኛ አገር ይገርመኛል። በበቅሎ የሚሄድ ጌታ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ወርዶ ተሳልሞ ነበር የሚያልፈው። ከሱ የሚበልጥ ሰው መንገድ ላይ ሲገጥመው ከኮርቻው ይወርድ ነበር። መውረድ ማወቅ የጨዋ ሰው ምልክት ነበር። ካርቦን ፍሬም ላይ መቀመጥ ከምኒልክ ዘመን በቅሎ በላይ አላስከበረንም።

ወደ ፈረሰኞቹ ልመለስ፤ በተለይ ወደ እናንተ ፈረስ አከራይ ወንድሞቼ። እንጀራችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከቀን ገቢው ላይ የሣሩንና የገብሱን ወጪ ቀንሳችሁ የምትተርፋችሁ ትንሽ መሆኗንም እገምታለሁ። ስለዚህ የምጠይቀው ብር የማያስወጣ ነገር ነው። ጀማሪ ደንበኛ ያስቀመጣችሁበትን ፈረስ ገመዱን ከእጃችሁ አታውጡ። ደንበኛው «ልቀቅልኝ፣ ፎቶ ልነሣ» ቢል እንኳ አትልቀቁለት። በቀጭኑ መንገድ ላይ ግልቢያ አታስነሡ፤ ሶምሶማም ቢሆን ለሜዳው ይቆይ። ብስክሌት ስታዩ ፈረሱን በአለንጋ አትምቱት። ከደነገጠበት ነገር ጋር ሕመም ከተደመረበት በሚቀጥለው ጊዜ ገና ከሩቁ ይሸሻል። ይልቅ ፈረሱን ወደ ብስክሌተኛው ፊት አዙሩት፤ ያየውን ነገር ብዙም አይፈራውም።

ሌላው፣ ተናገሩ። «ይኸኛው ይራገጣል»፣ «ይኸኛው ገና ወጣት ነው»፣ «ችግር የለም፣ እለፉ» ማለት ለብስክሌተኛው ትልቅ መረጃ ነው። አብዛኛው የከተማ ልጅ ፈረስን ከጃንሜዳ ጥምቀትና ከቴሌቪዥን በላይ አያውቀውም፤ ዝም ስትሉት ፈረሱ ደኅና ይመስለዋል። ቆሞ ላሳለፋችሁ ደግሞ እጃችሁን አንሡለት። ነገም የሚያቆመው ያ ነው።

የውጭ አገር መጻሕፍትና ሰሌዳዎች ላይ ያለው ደንብ ቀላል ነው፤ ብስክሌተኛ ለእግረኛም ለፈረሰኛም ቅድሚያ ይሰጣል፣ እግረኛም ለፈረሰኛ ይሰጣል። በሦስት ማዕዘን ሥዕል ያሳዩታል። ጥሩ ነው፤ ለእንጦጦ ግን አይበቃም። ሥዕሉ ላይ እንጨት ተሸካሚዋ የለችም። ያንን ሸክም አይታችሁታል? ከቁመቷ የሚረዝም የቅርንጫፍና የቅጠል እስር በአግድም ጀርባዋ ላይ ታስሮ ግራና ቀኝ ይወጣል። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ትሞላዋለች። ወገቧ ስለጎበጠ የምታየው ከፊቷ ያለውን ጥቂት እርምጃ መሬት ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ መዞርም አትችልም፣ ከዞረች ሸክሙ ይዟት ይሄዳል። ለእሷ «ከኋላ ነኝ» ብሎ መጮህ ፋይዳ የለውም፤ ሸሽታ የት ትሄዳለች? ስለዚህ የእኛ ተራራ ደንብ ከላይ አንድ መስመር ይጨመርበት፦ ሸክም የያዘ ሁሉ፣ ሰውም ሆነ አህያ፣ ከሁሉም ይቅደም። ፈረሰኛውም ጭምር ዳር ይዞ ያሳልፋት። ብስክሌተኛው «እናቴ፣ በርቺ» ብሎ ከኋላዋ ቀስ ብሎ ይሂድ፤ መንገዱ ሲሰፋ ያልፋል። ሁለት ደቂቃ ነው።

ነገሩን ሳያስተካክሉ የተዉት ምን እንደገጠማቸው ለማየት የዚህ ስፖርት መፍለቂያ የሆነውን ቦታ መመልከት ይበቃል። በካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባለው አውራጃ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ጥቂት ወጣቶች በአሮጌና በከባድ ብስክሌት ከተራራ ወደ ታች መወዳደር ጀመሩ። ውድድሩ «ሪፓክ» ተባለ፤ ቁልቁለቱ የፔዳል ፍሬኑን እያጋለ ውስጡ ያለውን ግራሶ ያቃጥለው ስለነበር ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ፈትቶ እንደገና ግራሶ መሙላት ግድ ነበር። ደስታው ገነነ፣ ስፖርቱ ዓለምን ዞረ። እዚያው አውራጃው ውስጥ ግን በተራሮቹ ላይ ለረጅም ዓመታት ሲመላለሱ የነበሩት ፈረሰኞችና እግረኞች ተማረሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ብስክሌት በዚያው አውራጃ ካለው ከታማልፓይስ ተራራ ቀጫጭን መንገዶች ታገደ፤ በሰፊዎቹ ላይ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር፣ በማይታይ ኩርባ ላይ ደግሞ 8 ኪሎ ሜትር ገደብ ወጣ፤ የጫካ ጠባቂዎች የፍጥነት መለኪያ ይዘው መቆም ጀመሩ። ጠቡ ለአሥርተ ዓመታት ቀጠለ። የተራራ ብስክሌት የተወለደበት ቦታ የተራራ ብስክሌት እንደልቡ የማይሄድበት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የተራራ ብስክሌት ማኅበር ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ የመንገድ ሥነ ምግባር ማስተማር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ራሳቸው ብስክሌተኞቹ ነገሩ ከእጃቸው ሲወጣ አዩት።

እንግሊዞች ቀደም ብለው በሌላ መንገድ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ ሕግ የፈረስ መንገዶችን ለብስክሌት ከፈተ፤ በዚያው አንቀጽ ግን ብስክሌተኛው ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ እንዲሰጥ አዘዘ። ፈቃዱና ግዴታው አብረው ተወለዱ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የትራፊክ መመሪያቸውን ሲያሻሽሉ መኪና ፈረስን ሲያልፍ በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ ሁለት ሜትር እንዲርቅ ጻፉ። ከሁለቱ የትኛውን እንደምመርጥ ግልጽ ይመስለኛል። እገዳን የምፈራው ብስክሌተኛ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። በእኛ አገር እገዳ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ጠራርጎ ነው፤ ብስክሌቱ ሲከለከል «ፈረሱም አካባቢ ያቆሽሻል» የሚል አይጠፋም፤ ያን ጊዜ ያ መዳፉ የተላጠው ልጅ እንጀራውን ያጣል።

መንገዱን ለምታስተዳድሩ አካላት ደግሞ ጥቂት ቃል። ሰፊ ቦታ ባለበት የብስክሌትና የፈረስ መንገድ ቢለይ ጥሩ ነው። ተራራውን ሁሉ በአጥር መከፋፈል ግን አይቻልም፤ የሚገናኙበት ቦታ ምንጊዜም ይኖራል። ስለዚህ ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ኩርባዎቹ ይሂድ። ከየኩርባው ዳር ያለው ቁጥቋጦ ተመንጥሮ ሃያና ሠላሳ ሜትር ቢታይ፣ የአደጋው ግማሽ እዚያው ይቀራል ባይ ነኝ። ብስክሌት ቁልቁል በፍጥነት የሚወርድበት መንገድ ተመርጦ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሁን፤ ፈረስ አይግባበት፤ ፍጥነት የወደደ እዚያ ይጥገብ። በጋራ መንገዶቹ መግቢያ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፈ፣ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ይተከል፤ ሸክም የያዘችው ሴት ከላይ፣ ፈረስ ቀጥሎ፣ እግረኛ፣ ከታች ብስክሌት። ብስክሌት የሚያከራይ ሁሉ ብስክሌቱን ከማስረከቡ በፊት ሁለት ደቂቃ ያስረዳ። ፈረስ የሚያከራይም እንዲሁ። ሄልሜት ለብስክሌተኛው ብቻ የተፈጠረ አይደለም፤ ከፈረስ የሚወድቅ ከብስክሌት ከሚወድቅ ከፍ ካለ ቦታ ነው የሚወድቀው።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ይህ ግን ከማንም ፈቃድና በጀት አይፈልግም። ፈረስ ብስክሌትን መልመድ ይችላል። ዘዴውም አስቸጋሪ አይደለም፦ መጀመሪያ ብስክሌቱ ሣር ላይ ተጋድሞ ፈረሱ እንደልቡ ያሽተው። ቀጥሎ አንድ ሰው ብስክሌቱን እየገፋ ከፊቱ ይሂድ፣ ፈረሱ ይከተለው። እሱን የሚያሳድደው ነገር እሱ ራሱ ከሚያሳድደው ነገር እንደሚለይ ፈረሱ ይገባዋል፤ ድፍረት የሚያገኘው ብስክሌቱን ከኋላ ሆኖ ሲከተል ነው። ከዚያ ሰውየው ወጥቶ ቀስ ብሎ ይንዳ፣ ከጎን ይለፍ፣ በመጨረሻም እያወራ ከኋላ ይምጣ። ብስክሌተኛውም በተራው ኮርቻ ላይ ይውጣና አንድ ጓደኛው ድምፅ ሳያሰማ ከኋላው ሲመጣ ምን እንደሚሰማው ይቅመሰው፤ ይህኛውን ለመሞከር ግን የለመደ ፈረስና ገመዱን የያዘ ባለቤት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ባለው አንድ እሑድ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ ብስክሌተኞች ብስክሌታችንን፣ ፈረሰኞች ፈረሳችሁን ይዘን ከላይኛው ሜዳ ላይ ብንገናኝ ምን ይላችኋል? ለፈረሶቹ ገብስ፣ ለባለፈረሶቹ ደግሞ የዋሉበትን የቀን ገቢ ብስክሌተኞች አዋጥተን እንከፍላለን፤ እኔ የድርሻዬን አስቀድሜ አስቀምጫለሁ። ቀኑን እናንተ ፈረስ አከራዮች ምረጡ፤ ገበያችሁ የሚቀዘቅዝበትን እሑድ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ከሰላምታ ጋር

አንድ የእንጦጦ ብስክሌተኛ

ግልባጭ፦
የተራራውን መንገዶች ለሚያስተዳድሩ አካላት
ለብስክሌት ክለቦችና ለብስክሌት አከራዮች
ለሯጮችና ለአሠልጣኞቻቸው